ሥራ ፈት ስም

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ

ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ከክትባት ክፍል ስወጣ ሰው ተሰብስቦ አየሁና ስለ ደመወዝ መስሎኝ ተጠጋሁ። አልነበረም። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ በዲፕሎማ የምንሠራ ነርሶች የዲግሪ ትምህርት መርጠን እናመልክት፤ ያላመለከተ በአዲሱ መዋቅር ቦታ አይኖረውም። ሁለተኛ፣ አመልካቹ የአሥረኛ ክፍል ውጤቱን ዋናውን ወረቀት ይዞ፣ ማንነቱን የሚመሰክርለት አንድ የቅርብ ዘመድ አስከትሎ፣ እስከ ጥቅምት 14 ለማጣራት ይቅረብ።

ሁለተኛውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ግድግዳውን ተደገፍኩ።

"ሲስተር፣ ምን ሆንሽ?" አለኝ መድኃኒት ቤታችን ውስጥ የሚሠራው ጁሃር። "አንቺ ደግሞ ወረቀትሽ ንጹሕ! ሌላው ይደንግጥ እንጂ።"

ሳቅኩ። እንዴት እንደሳቅኩ አላውቅም።

ይህን ደብተር ከልጄ ከፍሬሕይወት ዕቃ ውስጥ ነው ያነሳሁት። ሽፋኑ ላይ "ስም" የሚል መስመር አለው። ባዶውን ተውኩት።

ነሐሴ 13

ትናንት ያልደፈርኩትን ዛሬ ልጻፈው። ፍሬሕይወት ጎረቤት ናት፤ ዝናቡ ካላባራ አትመጣም።

ወረቀቱ የእኔ አይደለም። የእህቴ ነው።

ስማዳ ስወለድ የወጣልኝ ስም የትናየት ነው፤ የትናየት ካሳ። እህቴ ሙሉዓለም በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ትምህርት ቤት ግን አብረን ስለገባን የአሥረኛ ክፍልን ፈተና በ1996 አብረን ወሰድን። ፈተናው ባለቀ በሳምንቱ እሷ ለታች ጋይንት ሰው ተዳረች። ውጤት ሲመጣ እሷ አልፋ ነበር፤ እኔ ወደቅኩ። እንደ አገራችን ወግ ደግሞ አማቷ ገና ሙሽሪት ከበቅሎ ስትወርድ ስም አውጥታላታለች፤ የኔነሽ ተብላለች። ከዚያ ወዲህ ባሏም፣ ጎረቤቱም፣ ቀበሌውም የሚያውቃት በዚያ ነው።

እናቴ ተዋበች፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ወረቀቱን ከሳጥን አውጥታ እጄ ላይ አደረገችው። "በይ እንች። እሷ እንደሆን የኔነሽ ተብላለች። ስሙ ሥራ ፈቶ ከሚቀመጥ ተማሪበት" አለችኝ። "እሷስ?" አልኳት። "ተስማምታለች" አለች።

እኔም ተማርኩበት። ሦስት ዓመት ኮሌጅ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ያንን ማንም አልተማረልኝም። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁትም እኔ ነኝ። በሥራ ላይ ሰው ሁሉ "ሲስተር" ስለሚለኝ ሙሉዓለም የሚባለው ስም ከደመወዝ መክፈያው ላይ ወጥቶ አያውቅም። ባሌ በሕይወት እያለም "ሲስተር" ነበር የሚለኝ። በቤተሰብ ትናዬ ነኝ፤ ፍሬሕይወት ቁልምጫ ይመስላታል።

እህቴን እታለም ነው የምላት። ሙሉዓለም ብዬ ልጠራት አፌ እሺ አይለኝም።

ዋናው ነገር ተስማምታ ነው። አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም።

ነሐሴ 17

ፍልሰታ ተፈታ። ስበላ ዋልኩ፤ ስደነግጥ መብላት እወዳለሁ።

ፍሬሕይወት ከመናኸሪያ አንድ በራሪ ወረቀት ይዛ መጣች። ደብረ ታቦር ያለ አንድ ኮሌጅ ቅዳሜና እሑድ በዲግሪ ያስተምራል፤ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ሕግ። ሳየው አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ለምን ከነጭራሹ ከጤና ሥራ አልወጣም? እዚህ ከለቀቅኩ ማን ያጣራኛል? አርባ ዓመቴ ነው፤ ጡረታ ለመውጣት ሃያ ዓመት ይቀረኛል። ሌላ ሙያ ተምሬ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ቁጭ ብል ማን ይከለክለኛል?

"አካውንቲንግ ይሻለኛል" አልኩ።

"እማ! አንቺና ዴቢት ክሬዲት!" ብላ ልጄ በሳቅ ፈረሰች። "አንቺ እኮ የሰው ምጥ ሰምተሽ ጫማ ሳታደርጊ የምትሮጪ ሰው ነሽ።"

ተቆጣኋት። ልክ ስለሆነች ነው የተቆጣኋት። አዲስ የተወለደ ልጅ አገላብጬ እስኪያለቅስ የምጠብቃትን ያቺን ትንሽ ጊዜ የምወዳትን ያህል የምወደው ነገር የለኝም። ግን ቁጥር ደም አይፈስሰውም፤ አካውንቲንግ ይሁን ብዬ ወሰንኩ።

ከዚያ የወረቀቱን ጀርባ አነበብኩ። "ተመዝጋቢዎች የአሥረኛ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ዋናውን ይዘው ይቅረቡ።" ማኔጅመንት ብል ያው ወረቀት ነው፤ ሕግ ብልም ያው ወረቀት ነው።

ነሐሴ 24

ክትባት ቀን። አንድ መቶ ዐሥራ ምናምን ልጅ። ቆሜ ነው የምጽፈው።

ጁሃር ወሬ ይዞ መጣ። ሌላ ወረዳ አንድ ባለሙያ በአጎቱ ልጅ ወረቀት ሲሠራ ኖሮ ተያዘ። በካቴና ወሰዱት አለ። ልጆቹ እያዩ።

"ሥራ የለቀቀ ሰው ግን ፋይሉ አይከፈትም ይባላል" አለ ደግሞ። ለምን ነገረኝ? እንዲሁ ነው። ጁሃር ለሁሉም ነው የሚያወራው።

ምስክር። የቅርብ ዘመድ። ከስማዳ ማን ቀረኝ? አባቴ የለም፣ እናቴ የለችም። ያለችኝ አንድ ሰው ናት።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ጠበል ነው ብለው ዝናቡ ውስጥ ሲጨፍሩ ዋሉ። የነፍስ አባቴ አባ እንድርያስ ጠበል ሊረጩ መጡ። እሳቸው የሚጠሩኝ በክርስትና ስሜ ነው፤ ወለተ ኪዳን። ከስሞቼ ሁሉ ሳልሸማቀቅ አቤት የምለው እሱን ብቻ ነው።

"አባ፣ አንድ ሰው የሌላ ሰው ዕቃ ተውሶ ብዙ ዓመት ቢገለገልበት ኃጢአት ነው?" አልኳቸው።

"ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ ልጄ?"

"ፈቅዳለች።"

"ራስሽ ጠይቀሽ ነው የፈቀደችልሽ?"

ምጥ የያዛት ሴት አለች ብዬ ተነሣሁ። ምጥ የያዛት ሴት አልነበረችም። ጃንጥላዬን እንኳ ሳልይዝ ወጥቼ ጤና ጣቢያው በር ላይ በስብሼ ቆምኩ።

መስከረም 8 ቀን 2018

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቷል። ግማሹ ከተማ ስልኩ ላይ አፍጥጧል፤ ግማሹ ያለቅሳል።

ጁሃር የአርብ ገበያ ሰው ነው። እህቱ ሹክሪያ ዘንድሮ በማታው ክፍል ተፈትና ነበር። "አልሆነላትም" አለኝ መርፌ ሲቆጥርልኝ። "ምን ታደርጊዋለሽ። ከማታው ክፍል ያለፈችው አንዲት የአራት ልጆች እናት ብቻ ናት። ገበሬ ናት አሉ። ጨለማውን ፋኖስ ይዛ ነበር የምትመጣው።"

"ጎሽ! ማን ትባላለች?" አልኩ። እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው የጠየቅኩት።

"የትናየት።"

የመርፌው ሳጥን ከእጄ አመለጠ። ጁሃር ተንበርክኮ ለቀመልኝ። ዐሥራ ስምንት ዓመት፣ ከዚያም በላይ፣ ያንን ስም ሙሉውን ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን የያዘኝ መሰለኝ።

የትናየት ስንት አለ! በጋይንት ብቻ መቶ የትናየት ይኖራል።

መስከረም 9

የአባቷን ስም አልጠየቅኩትም። ለምን ብዬ እጠይቃለሁ?

መስከረም 13

እታለም ደወለች። ከደወለች ስንት ወሯ ነው። እኔም ደውዬላት አላውቅም፤ የምንገናኘው ለቅሶና ተዝካር ላይ ነው። ሥራ ይበዛብኛል እላለሁ።

"ትናዬ፣ ከመስቀል ማግስት እመጣለሁ።"

"ደኅና ነሽ? ልጆቹ?"

"ሁሉም ደኅና ነው። አንድ ጉዳይ አለኝ። የወረቀት ጉዳይ ነው፣ በስልክ አይሆንም።"

ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

የወረቀት ጉዳይ። ሰምታለች። ማጣራቱን ሰምታ ወረቀቷን ልትወስድ ነው። ወይም ልትከሰኝ ነው። ወይም ከዚህ ሁሉ የሚብሰው፣ ቁጭ ብላ ዝም ብላ ልታየኝ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልመን። ተስማምታለች ያለችኝ እናቴ ናት። እኔ እታለምን ጠይቄያት አላውቅም። አንድ ቀን ልጠይቃት ነበር፤ ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት አርብ ገበያ ድረስ ሄጄ። ደጇ ላይ ስደርስ ነፍሰ ጡር ሆና ገብስ ስትወቅጥ አገኘኋት። "እንኳን መጣሽ፣ ደከመኝ" ብላ ሙቀጫውን ለቀቀችልኝ። ወቀጥኩላትና ሳልጠይቃት ተመለስኩ። "አልፈቅድም" ብትለኝስ ብዬ ነው። ይኸው ነው። በሃያ አንድ ዓመት ለራሴም ነግሬው አላውቅም።

መስከረም 18፣ እሑድ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ወረቀቱን ከፕላስቲኩ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ሰጥቻት ይቅርታ ልጠይቃት ነው። ምን እንደምላት ሌሊቱን ሳጠና አድሬያለሁ። ፍሬሕይወትን ቤተ ክርስቲያን ላክኋት።

እታለም በአራት ሰዓት መጣች። ጠቁራለች፤ ከስታለችም። የላስቲክ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ በነጠላዋ የጠቀለለችውን ነገር አቅፋ ገባች። አገላብጣ ሳመችኝ። ቁጭ ከማለቷ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ዐረፈ።

"ይኼ እሱ ነው?" አለችኝ።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

አነሳችው። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። በጣቷ እየተከተለች አንድ በአንድ አነበበችው። "ሒሳብ ኤ። ባዮሎጂ ኤ። ጂኦግራፊ... ጂኦግራፊም ኤ!" ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ እንደ ልጅ ሆኗል። "አማርኛ ቢ ያመጣሁት በምን ምክንያት ነው ግን?"

"አይተሽው አታውቂም?"

"ከየት አይቼ? እናታችን አይጥ በላው አለችኝ።"

አይጥ በላው!

"እኔን 'ተስማምታለች' ነው ያለችኝ" አልኳት። "እታለም ሙች፣ እንደሱ ነው ያለችኝ። አውቀሽ የሰጠሽኝ መስሎኝ..."

"እናታችን ሁለታችንንም ገላገለችን" አለች። ሳቀችም፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። "እኔ ያወቅሁት እሷ የሞተች ዓመት ነው። የመጨረሻው ልጅ ከጡት ወረደ፤ ሐሳቤ ሁሉ ትምህርት ሆነ። የተውሁበት ልቀጥል ብዬ ስማዳ ድረስ ሄጄ መዝገብ ቤቱን ጠየቅሁ። ሰውየው መዝገብ ገለጠና 'ሙሉዓለም ካሳ ነርስ ሆና ተመርቃለች፣ አንች ማነሽ?' አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ምን ልበለው? 'እህቷ ነኝ' አልሁት።"

ቁጭ አልኩ። እሷ ቆማለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። ስድስት ዓመት ለቅሶ ላይ ስትስመኝ፣ ተዝካር ላይ ስታጎርሰኝ ታውቅ ነበር።

"ለምን አልተናገርሽኝም? ለምን አልሰደብሽኝም?"

"ልሰድብሽ ተነስቼ ነበር። መናኸሪያ ድረስ መጣሁ። ከዚያ አራተኛው ልጄ ትዝ አለኝ። ደሜ አልቆም ብሎ ሁለት ሌሊት እላዬ ላይ ቆመሽ ያተረፍሽኝ። አንች ነርስ ባትሆኚ እኔ የት ነበርሁ? ተመለስሁ።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። "እንዳው ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ብዙ ጊዜ አለቀስሁ። ባሌ መልካሙ ከብት ሞተብሽ እንዴ ይለኝ ነበር።"

ከዚያ ነጠላዋን ፈታች። አንድ ክላሰር አወጣች። ከክላሰሩ ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ከእሷው ወረቀት ጎን አኖረችው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ነው። ከስድስት መቶ ሦስት መቶ አርባ አንድ። ከላይ ስሙ ተጽፏል።

የትናየት ካሳ።

መጮኼን አላስታውስም፤ ጎረቤት ግን "ምን ሆናችሁ?" ብሎ በር መታ።

"የእናታችንን ሳጥን ስንከፍት ያንች የስምንተኛ ክፍል ካርድ ወጣ" አለች እታለም ረጋ ብላ። "የኔ ስም ተይዟል። ያንች ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ይዠው ሄጄ ከዘጠነኛ ጀመርሁ። አማቴን ልትሰሚያት ይገባ ነበር! ማታ ስወጣ 'የኔነሽ ከብቷን አስገባች፣ የትናየት ትምህርት ቤት ሄደች' እያለች ለጎረቤት ታወራለች።"

ያቺ ፋኖስ የያዘችዋ። ያቺ የትናየት።

ልትጠይቀኝ የመጣችው ወረቀቱን አልነበረም። ከክላሰሯ ያንኑ የደብረ ታቦሩን በራሪ ወረቀት አወጣች፤ እኔ ለወር ትራሴ ስር ያስቀመጥኩትን። "የተማርሽ አንች ነሽ፤ ምኑን ልማር?" አለችኝ። "መልካሙ አካውንቲንግ ይላል። ልጆቹ ማኔጅመንት ይላሉ። እኔ ግን ልቤ ሕግ ላይ ነው።"

"ሕግ ተምረሽ መጀመሪያ የምትከሺው እኔን ነዋ!" አልኩ ሳላስበው።

"አንችን ብከስ ማን ብዬ ነው የምከስሽ?" ብላ በሳቅ ተንፈራፈረች። "ከሳሽም እኔ፣ ተከሳሽም እኔ!"

እኔም ሳቅኩ። ስንስቅ ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ የማጣራቱን ደብዳቤ ነገርኳት። ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ምንም ሳታስብ፣ "እኔ እመሰክርልሻለሁ። ሙሉዓለም እሷ ናት እላለሁ። ማን ከኔ ይበልጥ ያውቃል?" አለችኝ።

መስከረም 19

ዛሬ ሥራ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

ሌሊቱን ስቆጥረው አደርኩ። የሙሉዓለምን ፈተና ያለፈችው እሷ ናት። የየትናየትን ፈተና ያለፈችውም እሷ ናት። በሁለቱም ስም ያለፈችው አንድ ሰው ናት። እኔ በየትኛውም ስም አላለፍኩም።

መስከረም 27

ሕግ እንድትማር ነገርኳት። በስልክ። "አርባ ሁለት ዓመቴ ነው እኮ" አለች። "ሳትማሪም አርባ ሰባት ይሞላሻል" አልኳት። ምክር ስሰጥ ብልህ ነኝ።

ለራሴ ግን ማሰብ አቅቶኛል። እውነቱን ሄጄ ብናገርስ? አስቤበታለሁ። "የትናየት ነኝ" ባልኩበት ቅጽበት ሌላዋ የትናየት ትፈለጋለች፤ የፋኖሱ አራት ዓመት ይፈርሳል። ዝም ብዬ ላስመስክርስ? እሷ ፈቅዳለች። አሁን እንኳ በእውነት ፈቅዳለች፤ በገዛ አፏ። ታዲያ ምን ነካኝ? ከእናቴ "ተስማምታለች" ስሰማ ቀለለኝ። ከራሷ ስሰማው ለምን ከበደኝ?

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ሄድን። እታለም አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ጫማ ገዝታ መጣች። "ምስክር ነኝ እኮ" አለችኝ።

ቢሮው ውስጥ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት። ወጣቷ ወረቀቱን አየች፤ ዋናው ነው፤ ማኅተሙ ንጹሕ ነው። "ጎበዝ ተማሪ ነበርሽ" አለችኝ ቀና ብላ። እታለም አጠገቤ ነበረች። ወለሉን አየሁ።

ሽማግሌው ወደ እታለም ዞሩ። "ምኗ ነሽ?"

"እህቷ ነኝ፣ ጌታዬ።"

"የምትናገሪው እውነት ለመሆኑ ቀኝ እጅሽን አንሺ።"

አነሳች። መዳፏ በማጭድ የተቆራረጠ ነው። በአዲሱ ቀሚስ እጅጌ ላይ ያ እጅ።

"የእህትሽ ስም ማነው?"

ዞር ብላ አየችኝ። ፈገግ ልትል ሞከረች። "ሙሉ—" አለችና ምራቋን ዋጠች። ስሟን ከራሷ አፍ በመሐላ ሰምቼው አላውቅም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ደብቃ ያስቀመጠችው ነገር ነበር፤ አሁን አውጥታ ልታቀብለኝ ነው።

"ይቅርብኝ" አልኩ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። "ማመልከቻዬን ትቻለሁ። ሥራም ልለቅ ነው፤ በፈቃዴ።"

"እሜቴ፣ ምን ሆኑ?" አሉኝ ሽማግሌው። ወጣቷ አፏን ከፍታ ቀረች።

እታለም እስከ አስፋልቱ ድረስ እየተከተለች ጮኸችብኝ። "አብደሻል! ዐሥራ ስምንት ዓመት! ልጅሽን በምን ልታሳድጊ ነው? እኔ ፈቅጄልሽ!" አንድ ባጃጅ ቆሞ አየን።

"የሕግ ትምህርትሽን በሐሰት ምለሽ ልትጀምሪው ነው?" አልኳት። ጥሩ መልስ ነው፤ እውነተኛው መልስ ግን እሱ አልነበረም። እውነተኛው ያ እጅ ነው። ወረቀቱን ክላሰሯ ውስጥ ከተትኩላት። አልወስድም አለች። በግድ ከተትኩላት።

ከዚያ የሰው ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ምን አደረግኩ? ምን አደረግኩ!

ጥቅምት 21

ለቀቅኩ። ፋይሌን ዘጉት። ጁሃር ያለው እውነት ነው፤ የለቀቀ ሰው አይጠየቅም።

የመጨረሻው ቀን ሁለት ሴቶች ወለዱ። ሁለቱም ሴት ልጅ። አንደኛዋ እናት "ስምሽን ለልጄ ላውጣላት፣ ማነው ስምሽ?" አለችኝ። "ሲስተር" አልኳት። ሳቁ።

ጁሃር በር ድረስ ሸኘኝ። "ከእንግዲህ ማን ብለን ነው የምንጠራሽ?" አለ። ቀልዱን ነው። ሳልስቅ ሲያየኝ እሱም መሳቁን ተወ።

ለፍሬሕይወት ነገርኳት። ሁሉንም። ከዚያ "የእኔ ስምስ የእኔ ነው?" አለችኝ።

ኅዳር 6፣ አርብ ገበያ

እታለም ቅዳሜና እሑድ ደብረ ታቦር ስትሆን ቤቷን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሌላ የማደርገው የለኝም። ፍሬሕይወት "አንድ መንገድ ይኖራል፣ ከዘጠነኛ ብትጀምሪስ?" ትለኛለች። በማን ስም? እላታለሁ። ትተወኛለች።

ገብሱ ደርሶ መልካሙና ልጆቹ ማሳ ላይ ናቸው። እታለም ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ ሄደች። ሕግ መረጠች፤ የመጀመሪያ ትምህርቷ ዛሬ ነው። አዲሱን ጫማ ለብሳ፣ ክላሰሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋ። ሚኒባሱ እስኪሄድ መንገዱ ላይ ቆሜ አየኋት። እንዲህ ቆሞ የሸኘኝ ሰው ይኑር አይኑር ለማስታወስ ሞከርኩ። እኔ ኮሌጅ ስሄድ እሷ ገብስ ትወቅጥ ነበር።

አማቷ እማማ ዓለምጸሐይ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ባቄላ እየፈለፈልኩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ እማማ። የየኔነሽ እህት።"

"እህትዋስ ስም የላትም?"

ባቄላውን ተውኩት። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። መንገዱ ላይም ሰው የለም። ሃያ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ልቤ እንደ ሌባ ይመታል። ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ፊደል እያጠበቅኩ፣ "የትናየት እባላለሁ" አልኳቸው።

እማማ ዓለምጸሐይ ሳቁ። በዳሰሳ እጄን ፈልገው ያዙኝና መታ መታ አደረጉት፤ ቀልደኛ እንግዳ ያገኙ መስሏቸዋል።

"ተይ አታሹፊብኝ" አሉኝ። "የትናየትማ ትምህርት ቤት ናት።"